ልጄ ደም እንድትሰጥ እኔ ብፈርምላትስ?

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የተወለደችው በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቷ ድረስ ደም ሊያሰባስቡ የመጡ ባለሙያዎች መታወቂያዋን አይተው «18 ሲሞላሽ ነይ» ብለው መለሷት። ክብደቷ 52 ኪሎ ነው፤ ሕመም የሚባል አያውቃትም። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ግን በ16 ዓመቱ እናቱ ፈርማለት ሰጥቷል። እኔ አባቷ ፈቃዴን በጽሑፍ ብሰጥ ሊከለክሏት ይችላሉ? አክስቷ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስለገባች ነገሩ አስቸኩሎናል።

መልስ፦ ይችላሉ፤ መከልከልም አለባቸው። ልጅዎን የመለሷት ባለሙያዎች ሥራቸውን ነው የሠሩት።

በአገራችን ደም የሚሰበሰበው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆነ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ ካላነሰና በዕለቱ በሚደረግ ምርመራ ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ሰዎች ነው። እነዚህ መስፈርቶች በአንድነት መሟላት ያለባቸው ናቸው። የ52 ኪሎ ክብደት የጎደለውን ዓመት አይተካም።

የእርስዎ ፊርማ ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 215 አካለ መጠን አላደረሰም የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ደኅንነቱን የሚጠብቁለት አሳዳሪዎቹ ሲሆኑ፣ በጋብቻ ውስጥ እነዚህ አባትና እናት በጋራ ናቸው። እንግዲህ ፊርማ ይበቃል ቢባል እንኳ የእርስዎ ብቻውን ግማሽ ነው፤ የእናትየውን ሐሳብ በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም።

ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። የአሳዳሪነት ሥልጣን የተሰጠው ለልጁ ጥቅም ነው። ልጅ ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ወላጅ የሚፈርመው፣ የሚድነው ያው ልጅ ስለሆነ ነው። ደም መለገስ ግን ከልጅቷ አካል ተወስዶ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ የሰጪው የራሱ ውሳኔ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ አባት የልጁን ደም በልጁ ስም ሊቸር አይችልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 18 ጀምሮ አካልን የሚመለከቱ ውሳኔዎችን ከሌላው ውል ለይቶ ያያቸዋል። በአንቀጽ 19 መሠረት ከአካሉ ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን ማንሳት ይችላል። ልጅዎ 18 ሞልቷት አልጋው ላይ ከተጋደመች በኋላ እንኳ ሐሳቧን ብትለውጥ ተነስታ መሄድ መብቷ ነው። ይህን የምለው በየትምህርት ቤቱ በጓደኛ ግፊት የሚሰለፉ ልጆች ስላሉ ነው።

የእህትዎ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ጋር አይጋጭም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች 17 ዓመት የሞላው ያለ ወላጅ ፈቃድ፣ 16 የሞላው ደግሞ በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ደም ይሰጣል። እዚያ የእናቱ ፊርማ የሠራው ደንቡ ራሱ ለ16 ዓመት ልጅ በር ስለከፈተ ነው። ቢሆንም ጥንቃቄው አልቀረም፤ ዝቅተኛው ክብደት 110 ፓውንድ፣ ማለትም 50 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለታዳጊዎች ደግሞ ክብደት ከቁመት ጋር ተያይዞ የሚታይበት ቦታ አለ። ምክንያቱም ታዳጊዎች ደም ከሰጡ በኋላ ከትልልቆቹ ይልቅ ራሳቸውን ይስታሉ፤ በተለይ የወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች የብረት ክምችታቸው ቶሎ ይሟጠጣል። የዕድሜው ገደብ ከወረቀት ሥራ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱታል።

«ለጥቂት ወራት ብለን ዕድሜዋን ከፍ ብናደርግስ?» ብለው አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ጉዳይ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አያድርጉት። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ወንጀል ነው፤ በወንጀል ሕጉ ደግሞ 15 ዓመት ያለፈው ልጅ ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም። በአንጻሩ ዕድሜዋን እያወቀ ደም የሚቀዳ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጥሷል፤ ጉዳት ከደረሰም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ይጠየቃል።

ወደ አክስቷ ልመለስ። እርሷን የሚያድናት የልጅዎ ደም ብቻ እንደሆነ አድርገው አይጨነቁ። የተለገሰ ደም ተቀድቶ በቀጥታ ወደ ታማሚ አይሄድም፤ ዓይነቱ ይለያል፣ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል፣ ከዚያ ለሚስማማው ሰው ይሰጣል። ደም በገንዘብ አይሸጥም፤ ለታማሚውም የሚሰጠው በነፃ ነው። በሆስፒታሉ አካባቢ «ደም ሰጪ አመጣላችኋለሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው ቢቀርብዎ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች ያመልክቱ። ለጋሽ ከቤተሰብ ከተፈለገ እርስዎ ራስዎ አሉ፤ ዕድሜዎ ከ65 ካላለፈና ጤናዎ ከፈቀደ መጀመሪያ መሰለፍ ያለበት ጥያቄውን የጻፈልኝ አባት ነው።

ልጅዎ በጥር 2019 ዓ.ም. የልደት ቀኗ ካለፈ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀቷን ወይም የታደሰ መታወቂያዋን ይዛ ትሂድ፤ ቁርስ በልታ፣ ውኃ ጠጥታ። ስለ ጤናዋ የሚቀርብላትን መጠይቅ ብቻዋን ትሙላው። የምርመራው ውጤትም የእርሷ ምስጢር ነው፤ የደም ባንኩ ለእርስዎ የመንገር ግዴታ የለበትም፣ እርስዎም እንዲነግሩዎ ማስገደድ አይችሉም።