«የማሳከክ ቅባት ነው» ብላትስ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ አልቋል። እናታችንን የማስታምማት እኔ ነኝ፤ በስልክ የሚያዝዘው ግን ወንድሜ ነው። «መቼ ነው የምታስቆርጫት?» ይለኛል በየቀኑ። ትከሻዋ ላይ የወጣው ቀይ ቁስል ናሙናው ሲመረመር ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆነ፤ ላይ ላዩን የሚዘረጋው ዓይነት። ሐኪሙ ቆርጦ ማውጣት እንደሚሻል፣ ካልሆነ ግን ኢሚኪሞድ የሚባል ቅባት መሞከር እንደሚቻል ነገሩን። ወንድሜ ሳቀብኝ፤ «ካንሰር በቅባት?» አለ በሰው ፊት። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ቢላዋ ትፈራለች (የበሽታውን ስም አልነገርናትም፤ እንዳትደነግጥ ብለን)። እሱ ግን ለእሷም ፍርሃት፣ ለእኔም ድካም ደንታ የለውም። ለመሆኑ ቅባቱ ይሠራል? ከሠራስ «የማሳከክ ነው» ብዬ ማታ ማታ ብቀባት ነውር ነው?

የደከማት ልጅ

እህቴ፣

የወንድምሽ ሳቅ ያለ ቦታው ነው። ቅባቱ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ በዕጢው ላይ ያዘምታል። በብሪታንያ 501 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ ቅባቱ 82.5 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምናው 97.7 በመቶ ተሳክቶላቸዋል። ቢላዋው ይበልጣል፤ ቅባቱም ከንቱ አይደለም።

እኔን ያስቆጣኝ በቅንፍ ሸጉጠሽ ያለፍሽው ነገር ነው። ገላው የእሷ፣ ምርጫው የእናንተ! ደግሞስ ይህ ቅባት በድብቅ የሚቀባ ነው? በተለመደው አወሳሰድ በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት ይቀባል። ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ቅርፊት ያወጣል። ለማሳከክ የተባለው ቅባት ትከሻዋን ሲያቃጥላት እናትሽ ምን የምታደርግ ይመስልሻል? ታጥበዋለች፤ እውነቷን ነው። ተቆርጦ የወጣ ዕጢ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ጠርዙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይታወቃል፤ በቅባት የታከመው ግን መጥፋቱ የሚታወቀው በክትትል ነው። ለምን እንደምትመላለስ ያልተነገራት ሴት እስከ መቼ ትመላለሳለች?

እሷ የፈራችው ቢላዋውን ነው። ስሙን የፈራሽው አንቺ ነሽ፤ አልፈርድብሽም፣ እናት ናት። ነገር ግን 71 ዓመት የኖረች ሴት ከዚህ የከበደ ወሬ ሰምታ አታውቅም ብለሽ ነው? ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀምጠሽ ንገሪያት። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ወደ ሌላ አካል እምብዛም የማይዛመት ካንሰር መሆኑን ከስሙ ጋር አብረሽ ንገሪያት። ከዚያ ሁለቱንም ሕክምና ፊቷ አስቀምጪ። ቢላዋውን ከመረጠች ደግሞ ወንድሜ ረታኝ ብለሽ እንዳታኮርፊ።