ከአምስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት

ጃዝ ጊታር ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ስንገናኝ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስንት ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ፣ ማወቅ እንዳለባችሁ ነው። ስልካችሁን ከፍታችሁ የኮርድ ሥዕል ታሳዩኛላችሁ፤ ፍላት ናይን፣ ሻርፕ ኢለቨን፣ ፍላት ሰርቲን። ቁጥሩ ድምፁ ከኮርዱ መነሻ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ በግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ አንድ የኮርድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አጥንቼ ነበር። ስሙ ሲጠራ እጄ ወዲያው ይይዘዋል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን ጆሮዬ አያውቅም። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈብኝ። የምጽፍላችሁ እነዚያ ዓመታት በእናንተ ላይ እንዳይደገሙ ነው።

ጊታራችሁን አንሡ። ከቀጭኑ ስትቆጥሩ ሁለተኛው ክር ላይ አምስተኛውን ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ያለውን አምስተኛ ክፍል፣ ቀጥሎ አራተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ተጫወቱ። ኢ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ። ይህችን አጭር መስመር በአፋችሁ አዚሟት፤ ጊታሩን አስቀምጣችሁም እስክትወጣላችሁ ድረስ ድገሟት።

አሁን ኮርዶቹን ከሥሯ እናኑር። የመጀመሪያው ዲ ማይነር ናይን ነው፤ አምስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት። ቀጥሎ ጂ ሰቨን ይመጣል፤ ባሱን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያዙ፣ አምስተኛውን ክር ዝም አሰኙ፣ አራተኛው ባለበት ይቆይ፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው ወደ አራተኛ ፍሬት ይውረዱ። ማረፊያው ሲ ሜጀር ናይን ነው፤ አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክር ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ክር አራተኛው ላይ እንዳለ፣ ሁለተኛው ክር ሦስተኛ።

መካከለኛውን ኮርድ ልብ በሉት። ከባሱ ሌላ ኤፍ፣ ቢ እና ኢ ፍላት አሉበት። ጂ ሰቨንን ጂ ሰቨን የሚያሰኙት ቢ እና ኤፍ፣ ማለትም ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ናቸው። አምስተኛው ድምፅ ዲ የለም፤ ባይኖርም ማንም አይፈልገውም። ጊታር ስድስት ክር አለው፣ ክር የሚይዙት የግራ እጅ ጣቶች ግን አራት ናቸው፤ ስለዚህ ምን እንደምንተው ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ በሦስትና ከዚያም ባነሰ ድምፅ ያን ሁሉ የነሐስ መሣሪያ ይዞ ሄዷል።

ኢ ፍላት ደግሞ ፍላት ሰርቲን የምትሉት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ከኢ ወደ ዲ በሚወርደው መንገድ መካከል ያለ አንድ ፍሬት ነው። አንደኛውን ክርም ጨምሩበት፤ እርሱም አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ከኤ ወደ ኤ ፍላት፣ ከዚያም ወደ ጂ ይወርዳል። ያ ኤ ፍላት የኮርዱ ፍላት ናይን ነው። አልተርድ ኮርድን፣ ማለትም እንዲህ የተለወጡ ድምፆች ያሉበትን ኮርድ፣ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ የተለወጠው ድምፅ ወደሚቀጥለው ቤት ለመግባት ደጃፍ ላይ የቆመ ድምፅ ነው። ማረፊያውን ሳትሰሙለት ብቻውን ካጠናችሁት ጣታችሁ ላይ ይቀራል።

አንድ ምሽት በአንድ ሆቴል ስንጫወት ባሱን ለባሲስቱ ትቼ እነዚህን አራት ድምፆች ብቻ ይዤ ነበር፤ ኤፍ፣ ቢ፣ ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት። ባሲስቱ በጂ ፋንታ ዲ ፍላትን መታ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እጄን አየሁ፤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ኮርዱ ግን በዲ ፍላት ላይ የቆመ ናይን ኮርድ ሆኗል፣ ከዚያም አለስልሶ ወደ ሲ አስገባን። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ገጾች ላይ ያጠናኋቸው ኮርዶች በአንድ እጅ ውስጥ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌሊቱን ቤቴ ገብቼ አልተኛሁም፤ እስኪነጋ እርሱኑ ስደጋግም አደርሁ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከሲ የሚነሣው የአምባሰል ቅኝት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ከሲ ሰቨን ጋር ስታስተያዩት ዲ ፍላት የኮርዱ ፍላት ናይን፣ ኤ ፍላት ደግሞ የኮርዱ ፍላት ሰርቲን ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ጆሮአችሁ እነዚህን ድምፆች ከልጅነት ጀምሮ ያውቃቸዋል። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። በጃዝ ኮርዱ ውስጥ ወደ ኤፍ ማይነር ለመሄድ ይቸኩላሉ፤ በአምባሰል ውስጥ ቤታቸው ናቸው፣ የትም አይሄዱም። በእያንዳንዱ የዜማ ድምፅ ሥር ከባድ ኮርድ የሚደረድር ጊታሪስት ቅኝቱን ያፍነዋል፤ ይህን ስሰማ ያመኛል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ጃዝ ተምሮ ሲመለስ የቅኝቱን መልክ ሳያጠፋ ነው ከጃዝ ጋር ያገናኘው። የእርሱን ሥራዎች ስታዳምጡ የኮርዶቹን ስም ከመፈለጋችሁ በፊት ዜማው ምን ያህል ቦታ እንደተተወለት ስሙ።

ለዚህ ሳምንት ሦስቱ ኮርዶች ይበቋችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ውሰዷቸው፤ ማረፊያው ዲ ይሆናል፣ ሁለተኛውም ክር ከሰባት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አምስት ይወርዳል። ጣታችሁን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት መስመሯን አዚሟት።