ማሽኑን ከመጫናችሁ በፊት ጆንያውን እዩ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ መጮህ ይጀምራል። አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ አንዱ ከስቶክሆልም፣ አንዷ ከቶሮንቶ። ወሬው ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ አሪፍ ማሽን አግኝቻለሁ። ሁለተኛ እጅ ነው፤ ግን አዲስ በሉት። የጤፍ ዱቄትና ድርቆሽ ልጀምር ነው። ምን ይሉኛል?»

«ጤፉን በምን ጆንያ ነው የምትቀበለው?» እላለሁ።

ይስቃሉ። የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ለማታውቁኝ፣ ኔዘርላንድ 17 ዓመት ኖሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። አሁን ዓለም ገና ነኝ፤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ ሰበታ ከመድረሳችሁ በፊት። ቦታውን አስቤበት ነው የመረጥኩት። የጅማው መንገድ የበቾን ጤፍ ያመጣልኛል። እዚሁ ተገንጥሎ የሚወርደው የቡታጅራ መንገድ ደግሞ የማረቆን በርበሬ። ጠዋት ጠዋት ከባድ መኪናው ተደርድሮ ጭሱን ሲለቅብኝ ምርጫዬን እረግማለሁ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔም የጀመርኩት በማሽን ነው። የድርቆሽ ማድረቂያ፣ በኮንቴይነር ተጭኖ የመጣ። ሼዱን ያከራየኝ ደላላ «ስሪ ፌዝ (ለትልቅ ሞተር የሚሆን ባለ ሦስት መስመር መብራት) አለው» ብሎ ምሎልኛል። አልዋሸም፣ አለው። ግን ማታ ማታ ቮልቴጁ ይወርዳል። በሁለተኛው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። መለዋወጫ ለማስመጣት ባንክ ሄጄ ዶላር ጠየቅኩ፤ ተመዝገብ አሉኝ። 2015 ዓ.ም. ነው፣ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) የከለከለበት ዓመት። የእኔ ሞተር ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ዶላሩም የለም። ማሽኑ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። የዘበኛችን ዶሮ ከሥሩ ገብታ ሁለት ጊዜ ጫጩት ፈለፈለች። ስንት ብር እንደወጣበት ለባለቤቴ እስከ ዛሬ በትክክል አልነገርኳትም።

እሱስ የዕድል ነው ልበል። ያሳፈረኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ጤፍ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የለውም። ይሄ እውነት ነው፤ ፈረንጁም የወደደው ለዚህ ነው። እኔም ከረጢቱ ላይ «ከግሉተን ነፃ» ብዬ ላሳትም ተዘጋጅቼ ነበር። ከማተሜ በፊት ግን የድሮ ልማዴ አላስቀምጥ አለኝና ናሙና ወደ ውጭ ላክሁ። ሕጉ ቀላል ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ያንን ቃል ለመጻፍ በአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው የሚፈቀደው። የእኔ ዱቄት ብዙ እጥፍ አልፎ ተገኘ።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለወፍጮው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሷል።

«አባባ፣ ከእኔ ጤፍ በፊት ምን ፈጭተው ነበር?»

«ስንዴ። ከሱ በፊት ገብስ።»

«መሀል ላይ ታጥቧል?»

«ወፍጮ ይታጠባል እንዴ ልጄ? የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ለዶሮ እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ለእንጀራ ንጹሕ ነው። ሴሊያክ (ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበት ሰው ግን በዚያች ትራፊ ይታመማል። ለጤፍ ብቻ የሚሆን ወፍጮ ተከልኩ፤ ናሙና ደግሜ ላክሁ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሦስት ቀን ግራ ገብቶኝ ከረምኩ። በመጨረሻ አንዱን ጆንያ ገልብጬ ስፌቱን በምላጭ ቀደድኩት። ሦስት የስንዴ ፍሬ ከስፌቱ መሀል ጠብ ጠብ አለች። ገበሬው አምና ስንዴ የሸጠበት ጆንያ ነው። ምን ያድርግ፣ ጆንያ ይጣላል እንዴ?

አሁን አዲስ ጆንያ እኛው ገዝተን ከመኸር በፊት ለገበሬዎቹ እናድላለን። አውድማቸውንም ሄደን እናያለን፤ ገብስ የተወቃበት ላይ ጤፍ እንዳይወቃ በኩንታል ጥቂት ጨምረን እንከፍላለን። ከማሽኑ ሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይሄ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ዓለም ንግድ የምትጠይቁኝ ነገር ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ብዙዎቻችሁ ጉምሩክና ቀረጥ ትፈራላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እንደኛ ካሉ እጅግ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ይቀበላል። ቀረጡ ዜሮ ነው። ታዲያ ለምን መደርደሪያው ላይ የለንም? ዕቃችን ወደብ ላይ ምርመራ ስለሚወድቅ ነው። ዝንጅብላችንና እርዳችን በአፍላቶክሲን (ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ)፣ ሰሊጣችን በሳልሞኔላ (ሆድ በሚያሳምም ባክቴሪያ) ምክንያት ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በርበሬ ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። እርጥብ በርበሬ መሬት ላይ አስጥታችሁ አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘው፣ አበቃ። ሻጋታው ቢታጠብም ቢቆላም መርዙ በቀላሉ አይለቅም።

ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ሰብስበው ነበር። የአፍላቶክሲን መጠናቸው በአውሮፓው ልክ ውስጥ የተገኘው 9 ብቻ ናቸው። መነሻው ላሞቹ የሚበሉት መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎው ነው። ያንን ወተት የጠጣው ብራስልስ ያለ ልጅ አይደለም።

ወደ መንግሥት ፖሊሲ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው። ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የተከለከለው በ1998 ዓ.ም. ነው። እንጀራው ግን ይሄዳል፤ በየቀኑ ከቦሌ በአውሮፕላን ይወጣል። ክልከላው የከተማ ድሃ ጤፍ እንዳይወደድበት ታስቦ ነው ተባለ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ኩንታሉ አዲስ አበባ ውስጥ 10 ሺህ ብር ሲገባ ክልከላው እንዳለ ነበር። ጤፍ በኬላ፣ በማዳበሪያ እጥረትና በመንገድ መዘጋት ተወደደ እንጂ በኤክስፖርት አልተወደደም። እኛ በራችንን ስንዘጋ አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ያሉ ገበሬዎች ጤፉን እያረሱ ነበር፤ እነሱማ ከእኛ ክልከላ በፊት ነው የጀመሩት። ዛሬ ዲሲ ያለችው እህቴ የምትጋግረው የአይዳሆ ጤፍ ነው። በእኔ እምነት ክልከላው ለገበሬው የሚገባውን ገበያ ለሌላ ሰጠበት። ከዚህ ጋር የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፤ እሁድ እሁድ ቡና ላይ እንጨቃጨቃለን።

የጤፍ ፓተንቱንም (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ነገር ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም እዚያው አገር ነበርኩ። በ1997 ዓ.ም. አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ውል ፈርሞ የጤፍ ዘር ወሰደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። አንዱ ቁም ነገሩ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጊዜ ሰጥቶት ማስፈጨት ነው። እናቶቻችን «አዲስ ጤፍ አይመችም፣ ይክረም» የሚሉት ማለት ነው! በሥራ ቦታዬ ስለዚህ ሲወራ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ግኝት አይደለም ብሎ በኔዘርላንድ ሻረው። እዚህ ጨፈርን። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ግን ክርክሩን ያሸነፈው የኢትዮጵያ ጠበቃ አለመሆኑን ነው። ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው ለራሱ ጥቅም ተከራክሮ ያሸነፈው። ስለዚህ ዘር፣ እርሾ ወይም የአያታችሁን የበርበሬ ምጣኔ ይዛችሁ ከውጭ ድርጅት ጋር ልትሠሩ ስትነሱ፣ ውሉን ያነበበላችሁ ጠበቃ ይኑር። የአክስት ልጅ ጠበቃ አይደለም።

ዶላሩን በተመለከተ ነገሩ ተቀይሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን ዘለለ። ላኪ ደግሞ ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በራሱ ሒሳብ እንዲይዝ ተፈቀደ። ሞተሬን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በብር ሲታሰብ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ቢያንስ ተገኘ። እኔ ለውጡን እደግፋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትገዛው እናቴ አትደግፈውም። ሁለታችንም ልክ ነን ብዬ አስባለሁ።

ገንዘባችሁን ግን በባንክ አስገቡ። ከባንክ ውጭ በእጅ አዙር ሃዋላ ያመጣችሁት ብር ሰነድ የለውም፤ ነገ «ይሄን ያህል ካፒታል አስገብቻለሁ» ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ደግሞ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ከገባችሁ ለውጭ ባለሀብት የተቀመጠው የ200 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል አይመለከታችሁም። ትርፉን በዶላር ይዞ መውጣት የሚፈልግ ግን እንደ ውጭ ባለሀብት መመዝገብ አለበት። ሁለቱን ባንድ እጅ መያዝ አይቻልም፤ ፎርሙ ላይ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ተቀመጡና አስቡበት።

ቦታ። እዚህ ላይ ደላላ ይበላችኋል። ከገበሬ በቀጥታ መሬት ገዝቶ አጥር ያጠረ ዘመድ አለኝ፤ የጨረቃ ቤት ተብሎ ፈረሰበት። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላንና ፉሪ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ሥር ሆነዋል፤ በድሮው ማዘጋጃ ቤት ማህተም «አይዞህ» ቢሏችሁ አትመኑ። የእኔ ፋይል ራሱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዛወር ለአምስት ወር ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ሼድ ተከራዩ። ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን አትርሱ። ደብዳቤው በቁቤ ነው የሚመጣው። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ተምሬያለሁ፤ ጠዋት «አከም ቡልተኒ» ብዬ ስገባ ፊቶች ሲፈቱ አያለሁ። ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ብቻ አትማሩት፣ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።

አሜሪካ ለምትልኩ አንድ ነገር። እዚያ ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፋብሪካችሁን እንድታስመዘግቡ ይፈልጋል፣ አሜሪካ ውስጥም ወኪል ይኑራችሁ ይላል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ለሁለት በሚካፈለው ዓመት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይታደሳል። ምዝገባው ራሱ ነፃ ነው። «ሰርተፊኬት እናወጣልሃለን» ብሎ ብዙ መቶ ዶላር የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሴ ጨረስኩት። ቅቤ ወደ አውሮፓ ለመላክ የምታስቡ ደግሞ እርሱት። የእንስሳት ተዋፅኦ የሚገባው ከተፈቀደለት አገር ብቻ ነው። እኛ ማር በ2000 ዓ.ም. ተፈቅዶልናል፤ ቅቤ ግን አይገባም። ሽሮውን ቅቤ ሳትነኩት ላኩ።

እና ያ በሽያጭ ላይ ያለ ማሽን ይቆይ። ስትመጡ በሻንጣችሁ የእህል እርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ኑ። በእጅ የሚያዝ ነው፣ ከአንድ ጥሩ ጫማ ብዙም አይወደድም። በርበሬ ነጋዴ ሚዛን እንዲያነሳለት ውኃ እንደሚያርከፈክፍበት ታውቃላችሁ፤ በእጅ ብትዳስሱት አያስታውቅም። የእኔው ነጋዴ መለኪያውን መጀመሪያ ሲያየው «ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» ብሎ አዘነልኝ። አሁን ከኪሴ ሳወጣው ካየ አይከራከርም። ከሥር ያሉትን ሦስት አራት ጆንያዎች ራሱ ለይቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ወደ መኪናው ይመልሳቸዋል።