ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ፣ የትኛው ሜዲቴሽን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሜዲቴሽን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ማታ አስር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ለመከታተል እሞክራለሁ፣ ግን ገና ሁለት ሦስቴ ሳልተነፍስ ሐሳብ ይዞኝ እብስ ይላል፣ የሥራ ነገር፣ ያልደወልኩለት ሰው፣ የድሮ ጭቅጭቅ ሁሉ ይመጣል፣ ስባንን ሰዓቱ አልቋል። አፑ ላይ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለ፣ ቃል እየደጋገሙ መቀመጥ፣ ዝም ብሎ መታዘብ፣ ለሰው መልካም መመኘት ምናምን። እኔ የምፈልገው ትኩረቴ እንዲስተካከል ነው፣ አንድ ገጽ ሳነብ ሦስቴ ስልክ አነሳለሁ። የቱን ልያዝ? ወይስ ለኔ አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆንሻል። ሐሳብሽ ስለሄደ አልቻልኩም አትበይ፣ መሄዱን ያወቅሽባት ቅጽበት እኮ ናት ዋናው ልምምድ! እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ አንድ ጥናት የአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሜዲቴሽን የለመዱ 14 ሰዎችን የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ትንፋሻችሁን ተከታተሉ፣ ሐሳባችሁ መሄዱን ባወቃችሁ ቁጥር ቁልፍ ተጫኑ አሏቸው። የለመዱትም ሰዎች ሐሳባቸው ይሄድ ነበር፣ ቁልፉንም ይጫኑ ነበር። ያዩት ነገር ዙር ነው፣ ሐሳብ ይሄዳል፣ ሰውየው ይነቃል፣ ትኩረቱን ይመልሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እንደገና ይሄዳል፣ በየደረጃው ደግሞ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ይለያያል። ስለዚህ አስር ጊዜ ሄደሽ አስር ጊዜ ከተመለስሽ አስር ጊዜ ሠርተሻል ማለት ነው።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ በሁለት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ትኩረትን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፣ ትንፋሽም ሆነ የሚደጋገም ቃል እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ምንም ሳይመርጡ የመጣውን ሁሉ፣ ድምፅ ይሁን ሐሳብ ይሁን ሕመም፣ ሳይከተሉት ማየት ነው። ይሄኛው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን ለጀማሪ ይከብዳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም መመለሻ ቦታ የለውም፣ ሐሳብ ይዞሽ ሄዶ እያለ "እየታዘብኩ ነው" ብለሽ ራስሽን ልታታልዪ ትችያለሽ። ሲበስል ግን ጥቅሙ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ሦስት ወር ሙሉ አጥብቀው ሜዲቴሽን የሠሩ ሰዎችን ፈትኖ ነበር፣ በፍጥነት በሚያልፉ ፊደሎች መሃል ሁለት ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፣ በሁለቱ መሃል ግማሽ ሰከንድ ካልሞላ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ያመልጠዋል፣ አእምሮው ገና የመጀመሪያው ላይ ነዋ። ከሥልጠናው በኋላ ሁለተኛውን የማየት አቅማቸው ጨመረ። የመጀመሪያውን ቶሎ መልቀቅ ተማሩ ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ግን ተቀምጠዋል፣ አንቺ ከአስር ደቂቃ ያንኑ አትጠብቂ።

መልካም መመኘቱ ሌላ መንገድ ነው፣ እሱም ትኩረት ይጠይቃል፣ ዋና ሥራው ግን ልብን ማለዘብ ነው። ለራስሽ የምትጨክኚ ከሆነ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ጨምሪበት።

ለጊዜው ትንፋሹን ያዢ፣ አፑን አትቀያይሪ። የዜን (ሜዲቴሽን ላይ የሚያተኩር የቡድሂዝም ዘርፍ) ሰዎች እንደሚያደርጉት ትንፋሽሽን ከ1 እስከ 10 ቁጠሪ፣ ከጠፋብሽ ያለ ንዴት ወደ 1 ተመለሺ። ማታ ደክሞሽ ከሆነ ወደ ጠዋት አዙሪው፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጊው። ስታነቢም እጅሽ ወደ ስልኩ ሲሄድ ካወቅሽበት፣ እሱም ያው ልምምድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ስከታተል ልቤ ይመታል፣ ጭንቀት ይመጣብኛል። ልታገለው?

መልስ፦ አትታገለው ወንድሜ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይደርሳል። ዓይንህን ግለጥ፣ ትንፋሹን ተውና እግርህ መሬቱን ሲነካ የሚሰማህን ተከታተል፣ ወይም ቀስ ብለህ እየተራመድክ አድርገው፣ እሱም ሙሉ ሜዲቴሽን ነው። እንደዛም ሆኖ ጭንቀቱ ከመጣ ወይም ከተቀመጥክበት ከተነሳህ በኋላ ካልለቀቀህ አቁመውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግር።