«ጠጪ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለአዲስ ፋርማሲስቶች

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ተመርቃችሁ መድኃኒት ቤት ለምትገቡት ነው። ስለ ሽያጭና ስለ ቆጠራ አሠሪያችሁ በደንብ ይነግራችኋል። እኔ የማወራው ስለ መጠጥ ነው። ብዙዎቻችን ደንበኛን ይህን መጠየቅ ያሳፍረናል፤ የማያፍረው ደግሞ ለሁሉም «መጠጥ እንዳትጠጣ» ብሎ ይገላገላል።

ይሄ መገላገል ጣጣ አለው። ሰውዬው አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይዞ ሄደ እንበል። ቅዳሜ ሰርግ አለበት። መጠጥና መድኃኒት አይገጥምም ብላችሁታል፣ ስለዚህ መጠጡን ሳይሆን መድኃኒቱን ይተዋል። ቅዳሜ አልዋጠም፣ እሑድ አንጎበር ላይ ነው፣ ሰኞ «ተሽሎኛል» ብሎ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። አሞክሳሲሊን ከአንድ ሁለት ቢራ ጋር ይህን ያህል ጠብ የለውም። ባይጠጣ ይሻለዋል፤ ከጠጣ ግን ኪኒኑን እንዳይዘል ንገሩት።

ለአሜባና ለጃርዲያ የምንሰጣቸው ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ሌላ ናቸው። ከመጠጥ ጋር ሲገናኙ ማስመለስ፣ ፊት ማቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል። ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ማስጠንቀቂያው ግን አሁንም አለ። ቲኒዳዞል ካለቀ በኋላም 3 ቀን መታገስ ነው። «72 ሰዓት» አትበሉት፣ ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? ሰኞ የሚጨርስ ከሆነ «እስከ ሐሙስ እንዳትቀምስ» በሉትና ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ሐሙስ» ብላችሁ ጻፉለት።

የምር የምፈራቸው ማረጋጊያው ዲያዜፓም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታልና ጠንካራው ሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ናቸው። ከአረቄ ጋር ተደርበው ሰው በተኛበት ትንፋሹን ሊያዘገዩት፣ ሊያቆሙትም ይችላሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፣ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩ። የስኳር ሕመምተኛውንም አትርሱ፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ እየወሰደ በባዶ ሆዱ ከጠጣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» ይላል። ይህን ለእሱ ብቻ ሳይሆን አብራው ለመጣችው ሚስቱም ንገሯት። የበዓል ማግስት ለራስ ምታት የሚመጣውንም ዝም ብላችሁ ዲክሎፌናክ አትስጡት፣ ሲጠጣ ያደረ ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱ ይብስበታል።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጠጪ ነህ?» ስድብ ነው። «ይሄ መድኃኒት ከመጠጥ ጋር ስለማይስማማ ሁሉንም ሰው እጠይቃለሁ፤ በሳምንት ስንቴ ይቀምሳሉ?» ብትሉ ግን ጋሼም እትዬም ይመልሱላችኋል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከኋላ የቆመው ጎረቤታቸው ሊሆን ይችላል። ነጠላ ለብሰው የመጡ እናትን «እሳቸው አይጠጡም» ብላችሁ አትለፉ። «ኧረ እኔ መጠጥ አላውቅም» ይሏችኋል፣ ቀጥሎ «ጠላስ?» ስትሉ «ጠላማ ምን አላት!» ይላሉ። መጠኑንም በሚያውቁት ይንገሯችሁ፦ በጣሳ፣ በብርሌ፣ በመለኪያ። ትምህርት ቤት በግራም ነው የተማርነው፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል እንዳለው ማስላት አይከብድም። አረቄ ግን እንደ አውጪዋ ነው፣ ዳግም ከሆነማ ጉልበቱ ሌላ ነው።

ምክራችሁ ሰውን ከመጠጥ ያስጥላል ብዬ አልዋሻችሁም። ለንደን ውስጥ በፋርማሲዎች የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ፋርማሲስቱ ለአጭር ጊዜ ያነጋገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው የተሻለ መጠጥ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። እኔን ይሄ ተስፋ አላስቆረጠኝም። ሰባኪ ለመሆን አልተማርንም። የትኛው መድኃኒት ከመጠጥ ጋር እንደሚጎዳ መንገር ግን የእኛ ሥራ ነው፣ እኛ ካልነገርን ብዙ ጊዜ የሚነግር የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን በተለይ ንቁ። ሁዳዴ ሲገባ ወይም ጸበል ሊሄድ ሲል በአንድ ጊዜ «በቃ፣ አቆምኩ» የሚል አለ። ጥሩ ነው። ግን በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ከዚያም ሊያስቃዠው ይችላል፣ የሚሞትም አለ። እንዲህ ያለው ሰው እናንተ ዘንድ የሚመጣው «የእንቅልፍ መድኃኒት» ፈልጎ ነው። እጁን እዩ። ሽጣችሁለት አትሸኙት፣ ሐኪም ዘንድ ላኩት። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «ወይ አማኑኤል!» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፣ ስሙ ያስፈራል፤ ለዚህም የሚታከሙ ብዙዎች እንዳሉ አስረዱት።

ደግሞ አንዷ ቀረብ ብላ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን አለ አሉ፣ ወጡ ውስጥ ላድርግበት» ትላችኋለች። መድኃኒቱ አለ፣ ዳይሰልፊራም ይባላል። ሳያውቅ ተሰጥቶት ከጠጣበት ግን ግፊቱ ወርዶ ሊሞትባት ይችላል፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ እሱ እያወቀና ፈቅዶ ካልሆነ አይሰጥም። አትቆጧት፣ ሲቸግራት ነው። «ባልሽ ራሱ ይምጣ፣ ግፊቱን ልለካው» በሏት። ለመጠጥ ምክር የማይመጣ ወንድ ለግፊት ልኬት ይመጣል፤ መጠጥ ደግሞ ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ክንዱ ላይ እንዳለ ወሬውን ማንሳት ትችላላችሁ።