ሰርቨሩ ሲነሳ ሬይዱ ካልተገጣጠመ «ክሬት»ን አይንኩ

ሰርቨርዎ ዳግም ሲነሳ ባለአራት ዲስኩ ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽም መረጃ እንዳይጠፋ የተጣመሩ ዲስኮች ስብስብ) «ኤምዲ127» በሚል ስም «ኢንአክቲቭ» (ሥራ ያልጀመረ) ሆኖ እንደቀረ ገልጸው፣ በኤምዲአድም (በሊኑክስ የሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) የ«ክሬት» ትእዛዝ እንደ አዲስ ልፍጠረው ወይ ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አይፍጠሩት። የእርስዎ ሁኔታ የእኔን ስለሚመስል ያለፍኩበትን ልንገርዎ።

1. ከሁሉ አስቀድመው የእያንዳንዱን ዲስክ የ«ኤግዛሚን» (በዲስኩ ላይ የተመዘገበውን የስብስብ መግለጫ የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤት ከማሽኑ ውጭ ያስቀምጡ። የ«ኢቨንትስ» (በስብስቡ ላይ የተደረጉ ለውጦች ቆጠራ) ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ወይም በጥቂቱ ብቻ ከተለያየ ተስፋዎ ትልቅ ነው፤ አንዱ ብቻ በብዙ ወደኋላ ከቀረ ግን እሱን ትተው በሦስቱ ያስነሱት።

2. «ኢንአክቲቭ» የሆነው ስብስብ ዲስኮቹን ይዞ ስለሚቆይ፣ በ«ስቶፕ» (ማቆሚያው ትእዛዝ) ሳይለቁት «አሴምብል» (ነባሩን ስብስብ መገጣጠሚያው) ቢሉ ዲስኮቹ ሥራ ላይ ናቸው የሚል መልስ ያገኛሉ። እኔ ይህን መልስ ሳይ ስብስቡ የፈረሰ መሰለኝና፣ አቁሜው እንደገና በመገጣጠም ፈንታ «ክሬት» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ዲስኮቹ የሌላ ሬይድ አባል እንደሆኑ ነግሮኝ ልቀጥል ወይ ሲል ጠየቀኝ፤ እኔም «አዎ» አልኩት። የዲስኮቹ መጠሪያ ፊደል (ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚለው) ማሽኑ ሲነሳ ተቀያይሮ ስለነበር ቅደም ተከተላቸው ተዛባ። በዚያ ላይ የቀድሞው ስብስብ መረጃ የሚጀምረው ከ2048ኛው ሴክተር (የዲስክ ትንሽ ክፍል) ሲሆን፣ አዲሱ የኤምዲአድም ስሪት ግን ከ262144ኛው ጀመረ፤ መልሶ ግንባታውም (የአንዱን ዲስክ ይዘት ከሌሎቹ አስልቶ መሙላቱ) በመጨረሻው ዲስክ ላይ መጻፍ ጀመረ። ያስቆምኩት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው።

ዲስኮቹን ይዤ መረጃ እናድናለን ወደሚል ድርጅት ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው አንዱንም ሳይመረምር «ማን ንካ አለህ?» ብሎ ከተቆጣኝ በኋላ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ፤ ምን ልታደርጉ ነው ብዬ ብጠይቀውም ሊያስረዳኝ አልፈቀደም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዲስኮቼን ይዤ ተመለስኩና፣ የሚጻፈው ለውጥ ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል እንዲሄድ በዲኤምሴትአፕ (በሊኑክስ ምናባዊ ዲስክ መፍጠሪያ) መሸፈኛ ሠርቼ፣ የተጻፈበትን ዲስክ «ሚሲንግ» (የሌለ) ብዬ፣ መነሻውን 2048 አድርጌ፣ የአራቱን ቦታዎች 24 አደራደር በየተራ ሞከርኩ። አንዳንዱ ትናንሽ ጽሑፎችን ይከፍታል፤ ትልቅ ፎቶ ሲከፈት ግን ከግማሽ በታች ግራጫ ይሆናል። ፎቶው እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ የታየበት አደራደር ትክክለኛው ሆነ፤ መረጃዬንም ሙሉ በሙሉ በራሴ እጅ አወጣሁ።

3. ስብስቡ በ«አሴምብል» ከተነሳልዎት፣ በመጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱን ለንባብ ብቻ ከፍተው ይዩት። ከዚያ የ«ዲቴይል ስካን» (የተነሳውን ስብስብ መግለጫ የሚያወጣ ትእዛዝ) ውጤትን ወደ ኤምዲአድም ኮንፍ (የቅንብር) ፋይል ያስገቡና፣ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆነ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ»ን ያስኪዱ። ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው በኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጫን ትንሽ ሥርዓት) ውስጥ ያለውን የዚህን ፋይል ቅጂ ስለሆነ፣ ይህን ከዘለሉ 127 የሚለው ስም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ሌላ ምንም ትእዛዝ ሳይሞክሩ የአራቱንም ዲስኮች የ«ኤግዛሚን» ውጤት እዚህ ይለጥፉልን፤ ቁጥሮቹን አብሬዎት አያለሁ።