አዘዞ ሳይደረስ ለሚወድቀው ቁልል ፀጉር

ለሰርግ የሠራሽው የፈረንጆች 1960ዎቹ ቁልል፣ ጎንደር አጠገብ ካለችው አዘዞ ሳትደርሺ የሚወድቀው በዕለቱ ስለምትታጠቢ ነው። ገና የታጠበ ፀጉር ያንሸራትታል። በዋዜማው ታጠቢ።

ጠዋት የአናትሽን ፀጉር ብቻ በትልልቅ ቢጎዲን ጠቅልዪ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቂውና ሳትፈቺው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ከዚያ ቢጎዲኑን ፈትተሽ ፀጉሩን ስስ ስስ አድርገሽ ወደ ላይ እየያዝሽ፣ በቀጭን ማበጠሪያ ከመሀል ወደ ሥሩ ግፊው። ሥሩ እንደ ጥጥ ሲያብጥ የላዩን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ አልብሺው። ከኋላ ሁለት ሁለት ማስያዣ አጣምረሽ በመስቀል ቅርጽ ሰኪ። አንድ ብቻውን ይሾልካል።

ማታ ስትፈቺው ግን አደራ እህቴ፣ ከሥር ጀምረሽ እንዳታበጥሪ! የስንቱ ፀጉር ከግንባሩ ሲሳሳ ያየሁት በዚህ ነው። ቅባት ነካ አድርገሽ፣ ከጫፍ ጀምረሽ በጣትሽ ፍቺው።